የወንድሜ ዓይን አራት ፎቶዎች

የዛሬው ማሽን ምንም አይሸትም። ባለፈው ወር እኔና ልጄ የልጅ ልጄን ይዘን ላፍቶ አንድ ፎቅ ላይ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ወጣን። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አመሻሽ ላይ ኳስ ሲያባርር ከግድግዳ ጋር መላተም ከጀመረ ሰንብቷል። አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ አገጩን ማሽኑ ላይ አስደግፋ "አረንጓዴዋን መብራት እያት፣ የኔ ጎበዝ" አለችው፤ ብልጭ አለ፤ በቃ። እኔ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የዓይኑ ጀርባ ቴሌቪዥን በሚያህል ስክሪን ላይ ብርቱካናማ ሆኖ ተዘረጋ። ጨለማ ክፍል የለ፣ የአቼቶ ሽታ የለ፣ ክር ላይ ተሰቅሎ እስኪደርቅ የሚጠበቅ ፊልም የለ። ልጅቷ ምስሉን እያሰፋች ወደ ጠርዙ ስትወስደው ኑግ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። እሷ አፏን ሳትከፍት እኔ ወንበር ፈለግኩ። "እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ይህን ኑግ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ አውቀዋለሁ ልበላት?

ደረጃውን ስንወርድ ልጄ ክንዴን ጨብጣ፣ "እማዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። የአባቱ ቤተሰቦች ጆሮ እንዳይገባ" አለችኝ። እሺ አልኳት። በአራተኛው ቀን ደብተርና እስኪርቢቶ አወጣሁ። ልጄ ብትቆጣ ትቆጣ። ብቻ ከመቆጣቷ በፊት እስከ መጨረሻው ታንብበው።

እኔ ልጅ እግር ሳለሁ ላፍቶ ማለት ጤፍና ሽምብራ ነበር። ከንፋስ ስልክ ቁልቁል ሲያዩት እስከ ፉሪ ተራራ ድረስ እርሻ ነው። ዛሬ የሚኒባስ ረዳት "ላፍቶ፣ ላፍቶ" እያለ ጉሮሮውን በሚያደማበት መንገድ ላይ ያኔ የሚያልፉት ወተት የሚያመጡልን የኦሮሞ ሴቶችና አህዮቻቸው ነበሩ። የእኛ ቤት ከጎፋ ወደ ንፋስ ስልክ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው ከቆሙበት መሐል አንዷ ናት። አውቶቡስ አስራ አምስት ሳንቲም፣ ሻይ አስር ሳንቲም ነበር፤ እንቁላል በሳንቲም ይገዛ ነበር ስላቸው የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ስኳርና ሳሙና በራሽን ካርድ ከህብረት ሱቅ ነው የሚወጣው። ሰልፉ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ መያዝ ይቻላል፤ ድንጋይህን አንስቶ የራሱን የሚያስቀምጥ ጎረቤት ግን አይጠፋም። እኔ ክረምት ከበጋ ኮንጎ ጫማ ነበር የማደርገው፤ ፀሐይ ስትወጣ እግር ይቀቅላል፣ ዝናብ ሲመጣ ያንሸራትታል። ጥጉ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ የፍቅር ዘፈን ይለቅና ካኪ የለበሰ ካድሬ ብቅ ሲል ወደ ማርሽ ይቀይራል፤ ካድሬው ሲያልፍ ፍቅሩ ካቆመበት ይቀጥላል። እኛም መንገድ ላይ ቆመን እናዳምጥና ማርሹ ሲመጣ እንበተናለን።

ሥራ የጀመርኩት ሳሪስ አንድ ፎቶ ቤት ነው። አራት ጉርድ ፎቶ በሦስት ብር እናነሳ ነበር። ለመታወቂያ፣ ለራሽን ካርድ፣ ለማኅበር መዝገብ፣ ሕዝቡ ሁሉ ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ሆኖ ነበር፤ ያ መንግሥት ፎቶ ይወዳል። ታዲያ አንድ ጠዋት ባለቤቱ ሱቁን ሳይከፍት ቀረ፤ በማግስቱም ቀረ። የት ገባ ተብሎ አይጠየቅም፣ አልጠየቅንም። እኔ በሰው በሰው ጎፋ በኩል ወደነበረ አንድ የዓይን ክሊኒክ ፊልም አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ሕንፃ ቆሞበታል። እዚያ በእርዳታ የመጣ የዓይን ካሜራ ነበር። ካሜራ ስላችሁ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው እንዳይመስላችሁ፣ ጠረጴዛ የሚያክል ነው። በሽተኛው ጠብታ ይደረግለትና ብሌኑ እስኪሰፋ ግማሽ ሰዓት አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ አገጩን ብረቱ ላይ ያሳርፋል፤ ዶክተሩ በብሌኑ ቀዳዳ አሳልፎ የዓይኑን ጀርባ፣ ሬቲና የሚሉትን ብርሃን ተቀባዩን ስስ ሥጋ ፎቶ ያነሳል። ፊልሙን ይዤ ጨለማ ክፍል የምገባው እኔ ነኝ። የማጠቢያው መድኃኒት አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ ከልብሴ አልፎ ከፀጉሬ አይለቅም ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሰላጣ በልቼ የመጣሁ ይመስለው ነበር። ሥራውን ግን ወደድኩት። የጤነኛ ሰው ዓይን ሲታጠብ ደስ ይላል፤ አንድ ነጭ ክብ አለ፣ ከእሱ የደም ሥሮች በየአቅጣጫው ይዘረጋሉ፣ የቀረው ሁሉ ንጹሕ ግራጫ ነው።

ወንድሜ ታደለ ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ በቤታችን እማዬ፣ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ስሜ አልማዝ መሆኑን የረሳ ይመስል ዘወትር "እታለም" ነበር የሚለኝ። ከአባታችን የወረሳትን ቡናማ ቴትረን ሱሪ ከታች አስፍቶ ለሰንበትም ለአዘቦትም ይለብሳታል። ቀን ቀን ከማንም አያንስም፤ መርፌ ላይ ክር ያስገባል፣ የተበላሸ ሬዲዮ ፈታትቶ ይጠግናል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሌላ ሰው ነው። ደረጃ ይስታል፣ ባልዲ ይረግጣል፣ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ሰላም ሳይል ያልፋል። እማዬ ዳፍንት ነው አለች። ንፋስ ስልክ ገበያ ዳር ሽንኩርትና ድንች ቸርችራ ከምታገኛት ላይ ቆንጥራ ጉበት እየገዛች አበላችው፤ ጠበልም ወሰደችው። ጉበቱ ለእሱ ብቻ ስለሆነ እኔንም ዳፍንት በያዘኝ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ አለ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የሰፈር ልጆች "ታደለ ከዶሮ ቀድሞ ይገባል" እያሉ ያሾፉበት ነበር። እማዬ ደግሞ "ልጄ ጨዋ ነው፣ ማታ አይዞርም" እያለች ታወራ ነበር። ሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ ይህን ብትል ማን ይከራከራታል?

አስራ ሰባት ዓመቱ ላይ ዶክተሩን ለምኜ ዓይኑን አስነሳሁት። የፎቶ ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ከትቼ በቀይዋ አምፑል ሥር ስጠብቅ ቀስ እያለ መጣ። ነጩ ክብ ወጣ። የደም ሥሮቹ ወጡ፤ ቀጫጭን ናቸው። ከዚያ ከጠርዙ ዙሪያውን ኑግ የተበተነበት ይመስል ጥቁር ነጥብ ወጣ። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ቆሻሻ ያረፈበት መስሎኝ ሌላ አጠብኩ። ኑጉ እዚያው ነው።

ዶክተሩ ፎቶውን አየና፣ "ወንድምሽ ነው ያልሽኝ?" አለ።

"አዎ ዶክተር።"

"ቁጭ በይ እስቲ። ይኼ ነጥብ ያለበት ቦታ ሞቷል። ከጠርዝ ይነሳና ወደ መሐል ይገባል። መሐሉ ደህና እስከሆነ ድረስ ያነባል፣ ይጽፋል። መቼ መሐል እንደሚደርስ ለማወቅ በየዓመቱ ማንሳት አለብን።"

"መድኃኒቱስ?"

"የለውም።"

"መድኃኒት ከሌለው ታዲያ ማንሳቱ ምን ያደርጋል?" አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ።

"ፍጥነቱን ካወቅን ይዘጋጃላ! በጣቱ የሚሠራውን ሙያ ዓይኑ ሳለ ይማራል።"

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አነሳነው። ዶክተሩ ፎቶው ላይ ስስ ወረቀት ይዘረጋና ኑጉ ያለቀበትን ጠርዝ በእርሳስ ይከተላል፤ የዓምናውን ወረቀት ከላዩ ይደርብበታል። በሁለቱ መስመሮች መሐል ያለችው ክፍተት ያ ዓመት የወሰደው ነው። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ መስመሩን የማሰምረው እኔ ሆንኩ፤ እጅሽ እንደ እኔ እጅ አይንቀጠቀጥም ብሎ ሰጠኝ። አልተንቀጠቀጠም፣ እውነት ነው። የገዛ ወንድሜን ዓይን መጨለም በእርሳስ እያሰመርኩ ከፎቶው ጀርባ ስሙንና ወሩን እጽፍ ነበር፤ ከዚያ ውጪ ወጥቼ አግዳሚው ላይ፣ በጠብታው የሰፋ ዓይኑን በእጁ ከልሎ የሚጠብቀኝን ልጅ "ያው ነው" እለዋለሁ። አንድ ቀን ጎን ለጎን ወደ ቤት ስንሄድ፣ "እታለም፣ ያው ከሆነ ለምንድነው በየዓመቱ የሚያነሱኝ?" አለኝ። እርምጃዬን አፈጠንኩ። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም፤ ብቻ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሬዲዮ ሲጠግን ዓይኑን ጨፍኖ ብሎን መፍታት ጀመረ። አራተኛው ፎቶ ሲነሳ ሃያ ዓመቱ ነበር። ዶክተሩ መስመሮቹን ለክቶ "እስከ ሠላሳ ዓመቱ ያነባል" አለ። አስር ዓመት። ያን ቀን አስር ዓመት ስጦታ መስሎኝ ደስ እያለኝ ገባሁ።

በሽታው ከየት እንደመጣም ዶክተሩ ደርሶበታል። በእናትሽ ወገን ዓይኑ የጠፋ ወንድ አለ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አለ። የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ አገር ቤት፣ ሶዶ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜው ውስጥ ዓይኑ ጠፍቶ በሰው እጅ እየተመራ ነው የሞተው። እማዬ "ምች መትቶት ነው" ነበር የምትለው። ዶክተሩ እንዳስረዳኝ በሽታው በሴቷ ደም ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ወንድ ልጇ ላይ ይወጣል፤ ሴት ልጇም ሳታውቀው ልትወስደው ትችላለች። ይህን ለእማዬ ስነግራት ሽንኩርት የምትመርጥበትን ሰፌድ አስቀመጠችና፣ "ይኼን ቃል ከዚህ ቤት እንዳታወጪው። ወንድሜን ምች ነው የመታው" አለች። ከዘራቸው አለ የተባለ ቤት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ በራፉን የሚያንኳኳ አይኖርም፣ ሴት ልጆቹም እዚያው ያረጃሉ።

በራፋችንን ግን ያንኳኳ መጣ። ተስፋዬ የክር ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ የተዋወቅነው ራሽን ሰልፍ ላይ ድንጋዬን አንስቶ የራሱን ሲያስቀምጥ እጅ ከፍንጅ ይዤው ነው። ሰደብኩት፤ ሳቀ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የእኔን ድንጋይ ከራሱ ፊት አድርጎ ጠበቀኝ። ከዚያ ዓመት በላይ ተጠባበቅን፤ በመጨረሻ ሦስት ሽማግሌ ላከ። ትልቁ ሽማግሌ እንደ ወጉ ዘር ቆጠሩ፣ ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ወይዘሮ ብርቄ፣ መቼም መጠየቅ ወግ ነውና አይቀየሙን፤ ከዘር የሚወርድ ደዌ ምናምን የለም አይደል?" አሏት። እማዬ ቀጥ ብላ፣ "ቤቴ ንጹሕ ነው። ካለ እግዜር ይፍረድብኝ" አለች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ታደለ ውሃ እያስታጠበ ነበር፤ ማሰሮው እጁ ላይ አልተንቀሳቀሰም። ሰርጉ ለፋሲካ ማግስት ተቆረጠ።

ከገና በፊት የብሔራዊ ውትድርናው ጥሪ መጣ። ስንተኛው ዙር እንደነበር ተምታቶብኛል፤ ዙሮቹ ብዙ ነበሩ። የታደለ ስም ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ሕመም አለኝ የሚል ሰው የሐኪም ወረቀቱን ቅዳሜ አዳራሽ ይዞ ይመጣል፤ ወረቀቱም ሕዝብ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። "እገሌ በዘመድ ቀረ" እንዳይባል ነው። በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ነገር ነው፤ በሥራ ግን የሰው ሁሉ ኪንታሮት ሰፈር ሙሉ ያወቀው በዚያ ምክንያት ነው። ዶክተሩ ሳይለመን ጻፈልኝ፤ አራተኛውን ፎቶ አያይዞ ማኅተም መታበት። ሳነበው መሐሉ ላይ "ከእናት ወገን በዘር የሚተላለፍ" ይላል።

"ዶክተር፣ ይቺን መስመር ቢያወጡልኝ" አልኩት።

"ለምን?"

ነገርኩት። ሰርጉን፣ ሽማግሌውን፣ መሐላውን። መነጽሩን አውልቆ ፊቱን አሸ።

"አልማዝ፣ ዓይኑ ከውጭ ሲታይ እኮ ምንም የለበትም። በየዙሩ ስንት ልጅ ነው ዳፍንት አለብኝ እያለ የሚመጣው? ኮሚቴው ያንን ሁሉ ሰምቶ ታክቶታል። ይቺን መስመር ካወጣኋት ይኼም ከነሱ እንደ አንዱ ይታያል። አጎቱ ታውሮ መሞቱ ነው ማስረጃው። እኔ በግማሽ እውነት ልጁን ላስቀርልሽ አልችልም።"

ማታ ለእማዬ አነበብኩላት፤ ማንበብ አትችልም ነበር። "ከእናት ወገን" ስል "በቃ" አለችኝ።

"ይኼ አዳራሽ ውስጥ ሊነበብ ነው?"

"አዎ እማዬ።"

"ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው?"

"አዎ።"

"እኔ እግዜርን ጠርቼ ምዬ! ከዚህ ወዲያ ማን ያገባሻል? ሃያ ሦስት ዓመትሽ ነው እኮ! እሱንስ ማን ይድረዋል? እኔን ምን ይሉኛል?" እያለች ደረቷን መታች።

ታደለ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። "እማዬ እውነቷን ነው" አለ። "ቀን ቀን ምን ሆንኩና? ሬዲዮ ጥገና እችላለሁ ብዬ አስመዘግባለሁ፤ መምሪያ ውስጥ ያስቀምጡኛል፤ ማን ጥገና የሚችል ሰው ጫካ ይልካል? እታለም ተዳሪ። ስመለስ የምበላበት ቤት ይኖረኛል።" ሳቀ። አመንነው። ማመን ስለፈለግን ነው ያመንነው። እማዬ የዶክተሩን ወረቀት ከነፖስታው አልቀደደችውም፤ "አንቺው ያዢው" ብላ እጄ ላይ አደረገችው። እስካሁን የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው። ብትቀደው ኖሮ አለማቅረቤ የእኔ ጥፋት አይሆንም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ፤ መፈክር ተባለ፣ ተቀመጥን። ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳው ጭኔ ላይ ነው። ከእኛ በፊት ሦስት ወረቀት ተነበበ፤ አንደኛው የሚጥል በሽታ ነበር፤ እናቱ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ጎትታ አለቀሰች፤ ልጁ ግን ቀረላት። ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር "ታደለ" አለ። ታደለ ብድግ አለ፤ ያቺን ቡናማ ሱሪ ለብሷል። "ጓድ ታደለ፣ የምታቀርበው ማስረጃ አለህ?" ታደለ "የለኝም ጓድ ሊቀመንበር" አለ። ሊቀመንበሩ እስኪርቢቶውን መዝገቡ ላይ አላሳረፈም። ወደ እማዬ አየ፤ ወደ እኔ አየ። "ቤተሰብስ የሚያቀርበው አለ?" አለ። ከወንዶቹ በኩል ሽማግሌዎቹ ይታዩኛል፤ ከኋላቸው ተስፋዬ አለ፤ እሱም ወደ እኔ ያያል። ጣቶቼ የቦርሳውን ዚፕ ይዘው ነበር። የዚፑ ብረት ሲቀዘቅዘኝ ዛሬም ይታወቀኛል። አልከፈትኩትም። ሊቀመንበሩ ጻፈ፤ ቀጣዩን ስም ጠራ።

በማክሰኞው በመኪና ወሰዷቸው። ጠዋት ስለነበረ ታደለ ከሩቅ አይቶን እጁን አውለበለበ፤ ደህና ያያል፣ ቀን ነው። ሁለት ደብዳቤ ላከ። ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ ምግቡ ደህና ነው፣ ጓደኛ አግኝቻለሁ፣ ስሙ ገብሬ ይባላል፣ ሰርጉ እንዳይቀር ይላሉ። አልቀረም። በፋሲካ ማግስት በጠላና በድንች ወጥ ተዳርኩ፤ ቬሎዬ ከጎረቤት በውሰት የመጣ ሲሆን ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እንግዶች "ወንድምየው የታለ?" ሲሉ እማዬ "እናት አገሩን ሊጠብቅ ሄዷል" እያለች ጎርነን ባለ ድምፅ ትመልስ ነበር። ሦስተኛ ደብዳቤ አልመጣም። ክሊኒኩ ውስጥ መስከረም ሲጠባ እጄ የታደለን መዝገብ ከመደርደሪያው ያወጣል፤ አራቱን ስስ ወረቀቶች ደራርቤ መብራት ላይ አያቸዋለሁ፤ አምስተኛውን መስመር ዘንድሮ የት ላይ ባሰምረው ነበር እያልኩ በጣቴ እለካለሁ። ዓይኑን እያየሁ ሰውየውን አላውቅም ነበር፤ ይኑር፣ ይሙት። ሁለት ሴት ልጆች ወለድኩ። ሴት በሆኑ ቁጥር እማዬ እልል ስትል እኔ ደግሞ ወንድ ባለመሆናቸው በሆዴ እግዜርን አመሰግን ነበር። ምክንያቱን ለተስፋዬ አልነገርኩትም።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ አካባቢ፣ አንድ እሑድ ቀን፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው የታደለን እህት ቤት እያጠያየቀ መጣ። የወታደር ካፖርት ለብሷል፤ ያኔ ከተማው በእንደዚያ ዓይነት ካፖርት ተሞልቶ ነበር። "ገብሬ እባላለሁ" ሲለኝ የደብዳቤው ገብሬ መሆኑን አወቅሁ። ተስፋዬ አስገብቶ አስቀመጠውና አብሮን ተቀመጠ፤ እማዬን ልከን አስጠራናት። ገብሬ እማዬን ሲያይ አንገቱን ደፋ፤ መርዶው ያን ጊዜ ገባን። እሷ መሬት ላይ ተንከባለለች። ካለቀሰች በኋላ ግን "ንገረኝ፣ አንድም ሳታስቀር ንገረኝ" አለችው።

"ማሠልጠኛ እያለን ምሽት ላይ ልምምድ ስንወጣ ጉድጓድ ገባ" አለ ገብሬ። "ሐኪሙ አየውና ነገሩ ገባው። ደግ ሰው ነበር። 'እንዲህ ያለ ሕመም በቤተሰብህ አለ? ከሐኪም የተጻፈ ነገር ካለህ ላክና አስመጣ፣ እኔ አሰናብትሃለሁ' አለው። 'የለም' አለው። 'እርግጠኛ ነህ?' 'የለም።' እኔ በኋላ፣ ምን ነካህ፣ ዋሽተህም ቢሆን አለ አትልም ነበር አልኩት። 'እህቴ ገና አልተዳረችም፤ ደብዳቤ ሲላክ ቀበሌው ይከፍተዋል' አለኝ።"

ሬዲዮ ጥገና የሚባል ነገር አልነበረም። ሰሜን ወረዱ። ቀን ቀን ታደለ ከሁሉ ይሻል ነበር አለ ገብሬ፤ ሲመሽ የገብሬን ቀበቶ ከኋላ ይዞ ነው የሚሄደው። ባፈገፈጉበት ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ የከባድ መሣሪያ ጥይት አጠገባቸው ወደቀ፤ ሁሉም ሮጠ፤ ቀበቶው ላይ የነበረው እጅ ለቀቀ። "ስሜን ሲጠራ እሰማዋለሁ። 'ገብሬ፣ በየት በኩል ነህ?' ይላል። ሁለቴ ጠራኝ። አልተመለስኩም እማማ። ይማሩኝ" ብሎ እግሯ ላይ ወደቀ። እማዬ ራሱን ደባበሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እንባዋን እየጠረገች፣ "ሰማሽ? ለእህቱ ብሎ ነው። ልጄ በከንቱ አልሞተም፣ ቤታችንን ሸፍኖ ነው የሞተው" አለች። በዚህ ፊቷ ትንሽ በራ። ማጽናኛ አገኘች።

ለቀስተኛው ከመብዛቱ በፊት እኔና ተስፋዬ ጓዳ ገባን። ሁሉንም ነገርኩት፤ ፖስታውን፣ ዘሩን፣ መሐላውን። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን፣ "እኔ እኮ አውቅ ነበር" አለኝ።

"ምኑን?"

"የታደለን ዓይን። ሽማግሌ ሳልልክ አውቅ ነበር። አንድ ቀን ከቀበሌ ስብሰባ ስንወጣ መሽቶ ነበር፣ ቦይ ውስጥ ሊገባ ሲል ክንዱን ይዤ እደጃችሁ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የአጎትሽንም ነገር የሶዶ ሰው ለእናቴ ነግሯታል። 'ዓይን የእግዜር ነው፣ ልጅቷ ጥሩ ናት' ብላ እሷው ናት ሽማግሌ ላክ ያለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር አልማዝ። ሊቀመንበሩም ወረቀት ታመጣላችሁ ብሎ ነው የጠበቀው። እኔም አዳራሽ ውስጥ፣ አሁን ትነሳለች፣ አሁን ትነሳለች እያልኩ ሳይሽ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"እናንተ ደብቃችሁት ሳለ እኔ ምን ብዬ ላንሳው? እንዳትሳቀቁ ብዬ ነው" አለኝ፤ አለቀሰም።

እማዬ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረች። በየዓመቱ የታደለን ተዝካር ስታወጣ፣ "ቤቱን ሸፍኖ የሞተው ልጄ" እያለች ለመጣው ሁሉ ትናገራለች፤ የመጡትም እያወቁ አንገታቸውን ይነቀንቁላት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ እንደነበር እኔ ብዙ ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቻለሁ። አልነገርኳትም። እሷም ሳትሰማው ሞተች፤ እንዳትሳቀቅ ብዬ ነው።